በመንጋጋችን ውስጥ ያለው ነፋስ ስልክ

ከጎፋ አንሥቶ በመካኒሳና በላፍቶ አድርጎ እስከ ጀሞ ድረስ ባለው የአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በማለዳ በታክሲ ተሳፍሮ ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አይቀርም፤ ይኸውም ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ሙቀት በዝቶበት መስኮቱን ጥቂት ከፈት ያደረገ እንደ ሆነ፣ ከበስተኋላው የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን እስከ ጉንጫቸው ስበው «ልጄ፣ ነፋሱ ፊቴን ይመታኛልና ዝጋልኝ» ይሉታል። እርሱም ያለ አንዳች ክርክር ይዘጋዋል። በአገራችን ጉንጩን ወይም መንጋጋውን ያመመው ሰው ሕመሙን የሚያስታውቀው «ነፋስ መታኝ»፣ «ብርድ ገባብኝ» እያለ ስለ ሆነ፣ የነፋስ ጥፋተኛነት በቤተ ሰቡ ሁሉ ዘንድ የታመነ ነገር ነው።

እኛ ይህን የእናቶችን አነጋገር ለመንቀፍ አልተነሣንም። ነገር ግን ባለፉት አርባ ዓመታት ውስጥ የሕክምና ሊቃውንት ሌላ ዓይነት ነፋስ መርምረው አግኝተዋል፤ ይህም ነፋስ በመስኮት የሚገባ ሳይሆን በገዛ ሥጋችን ውስጥ ተሠርቶ፣ በዚያው ሥራውን ፈጽሞ፣ በዚያው የሚጠፋ ነው። ስሙ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይባላል። አንድ የናይትሮጂን ቅንጣትና አንድ የኦክሲጂን ቅንጣት ተጣምረው የሚሆኑት ነገር ሲሆን፣ በሰውነት ውስጥ ዕድሜው ከጥቂት ሴኮንድ አያልፍም። (ነፋስ ማለታችን ፈረንጆች ጋዝ የሚሉትን ነው፤ ጋዝ ብለን የጻፍን እንደ ሆነ ለፋኖስ የሚቀዳው ጋዝ እንዳይመስል ብለን የቀደመውን ቃል መርጠናል።) ይህ ነፋስ ለመንጋጋና ለፊት ጡንቻዎች ሕመም ምን ድርሻ እንዳለው ለክቡራንና ለክቡራት አንባቢዎቻችን ልናስረዳ እንወዳለን።

የሰፈሩ ስም ራሱ ነገሩን ለማስረዳት ይረዳናል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ስልክ ወደ አገራችን ሲገባ በሽቦ ነበር፤ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ በእንጨት ላይ ተንጠልጥሎ የተዘረጋው ሽቦ ከአንዱ አፍ የወጣውን ቃል ሽቦው ለደረሰበት ሰው ብቻ ያሰማ ነበር። በኋላ ሽቦ የማይሻው መሣሪያ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ «ነፋስ ስልክ» አለው፤ የዛሬው የነፋስ ስልክ ሰፈርም ስሙን ከዚያ እንደ ወረሰ ይነገራል። በሰውነታችንም ውስጥ ሁለቱ ዓይነቶች አሉ። ነርቮች የተባሉት ቀጫጭን ሥሮች እንደ ሽቦው ናቸው፤ መልእክታቸውን የሚያደርሱት መጨረሻቸው ለነካው ብቻ ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ ግን ግድግዳ አያግደውም፤ ከተሠራበት ሕዋስ ወጥቶ በዙሪያው ወዳሉት ሁሉ ይገባል፤ በር አያንኳኳም፣ ፈቃድም አይጠይቅም። በጎም ሆነ ክፉ የሚያደርገው ይህ ጠባዩ ነው።

አስቀድመን ስለ መንጋጋ ጡንቻዎች ጥቂት እንናገር። አንባቢያችን ሁለቱን መዳፎችዎን በሁለቱ ጉንጮችዎ ላይ፣ ከጆሮዎ ሥር ጥቂት ወደ ፊት አድርገው ያኑሩና ጥርስዎን ጠበቅ አድርገው ይንከሱ። ከመዳፍዎ ሥር ድንገት ተነሥቶ እንደ ድንጋይ የሚጠነክረው ሥጋ ዋናው የማኘኪያ ጡንቻ ነው፤ ከጉንጭ አጥንት ተነሥቶ በታችኛው መንጋጋ ማዕዘን ላይ ያርፋል። አሁንም ጣቶችዎን ከዓይንና ከጆሮ መካከል ወዳለው የራስ ጎን ከፍ አድርገው እንደገና ቢነክሱ፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ሌላ ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ይሰማዎታል። ከእነዚህ ሌላ በመንጋጋው ውስጠኛ ወገን በጣት በቀላሉ የማይደረስባቸው ሁለት ጡንቻዎች በየጎኑ አሉ። ሁሉንም የሚያዛቸው፣ የጥርስን፣ የድድን፣ የጉንጭንና የግንባርን ስሜት ሁሉ ወደ አንጎል የሚያደርሰው ደግሞ አምስተኛው የራስ ነርቭ ነው፤ ሦስት ታላላቅ ቅርንጫፎች ስላሉት ሐኪሞች በሦስትነቱ ይጠሩታል። የጥርስም የጡንቻም አቤቱታ የሚገባው በዚህ በአንድ መዝገብ ቤት በኩል መሆኑን አንባቢያችን ልብ ይበል፤ ወደ ፊት ስንሄድ ብዙ ስሕተት የሚወለደው ከዚህ እንደ ሆነ እናያለን።

የናይትሪክ ኦክሳይድ ታሪክ ሊነገር የሚገባው ነው። ይህን ነፋስ መጀመሪያ ለይቶ ያወቀው ጆዜፍ ፕሪስትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሲሆን ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1772 ነበር (ከዚህም በታች የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ የሚያውቀው እንደ መርዝ ነበር፤ በኋላም ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጣ አየር አበላሺ መሆኑ ታወቀ። አንዳንድ ሰዎች የጥርስ ሐኪሞች ለሕመም ማደንዘዣ ከሚያሸትቱት የሳቅ ነፋስ ጋር ያምታቱታል። ያኛው ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል፣ ሁለት የናይትሮጂን ቅንጣቶች ያሉት፣ በአሜሪካ ሆራስ ዌልስ የተባለው የጥርስ ሐኪም በ1844 በራሱ ጥርስ መነቀል የፈተነው ነው። የስማቸው መቀራረብ ብዙዎችን አሳስቷል፤ ሥራቸው ግን እጅግ የተለያየ ነው።

በ1847 በጣልያን አገር በቶሪኖ ከተማ አስካኒዮ ሶብሬሮ የተባለ ሊቅ ናይትሮግሊሰሪን የሚባለውን ፈንጂ ፈሳሽ ሠራ። በምላሱም ጥቂት ቢቀምሰው ብርቱ የራስ ምታት ያዘው። ስዊድናዊው አልፍሬድ ኖቤል ይህንኑ ፈሳሽ አለዝቦ ዲናሚት ካደረገው በኋላ፣ በፈንጂ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች ከዕረፍት ቀን በኋላ ሰኞ ሲመለሱ ራሳቸውን ይታመሙ እንደ ነበር በጊዜው የነበሩ ሐኪሞች ጽፈዋል። በዚያው ዘመን፣ በ1879፣ ዊልያም መረል የተባለው የለንደን ሐኪም ይኸው ፈሳሽ በጣም በትንሹ የተሰጠ እንደ ሆነ የልብን ጭንቀት እንደሚያስታግሥ አስታወቀ። ኖቤልም በ1896 ሊሞት ሲቃረብ ልቡ ታሞ ሐኪሞች ናይትሮግሊሰሪን እንዲወስድ አዘዙለት፤ እርሱም ዕድሜውን ሙሉ ፈንጂ አድርጎ ሲሸጠው የኖረው ነገር መድኃኒት ሆኖ መመለሱ እንደ ገረመው ለወዳጁ ጽፏል። ለምን እንደሚሠራ ግን እርሱም ሐኪሞቹም አያውቁም ነበር።

ምስጢሩ የተገለጠው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ፌሪድ ሙራድ የተባለው አሜሪካዊ በ1977 ናይትሮግሊሰሪን በሰውነት ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድን እንደሚያወጣ አሳየ። ሮበርት ፈርችጎት ደግሞ በ1980 የጥንቸል ደም ሥር እየመረመረ ሳለ፣ የደም ሥሩ ውስጠኛ ሽፋን ሳይፋቅ የቀረ እንደ ሆነ አንድ መድኃኒት ሲነካው እንደሚላላ፣ ሽፋኑ የተፋቀ እንደ ሆነ ግን እንደማይላላ አስተዋለ፤ ከዚህም ሽፋኑ አንድ የማይታይ መልእክተኛ እንደሚልክ ተረዳ። መልእክተኛው ራሱ ናይትሪክ ኦክሳይድ መሆኑን እርሱና ሉዊስ ኢግናሮ በ1986 ተናገሩ፤ በ1987ም በእንግሊዝ አገር ሳልቫዶር ሞንካዳና ባልደረቦቹ በመለኪያ አረጋገጡት። በ1998 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ለፈርችጎት፣ ለኢግናሮና ለሙራድ ተሰጠ። ሞንካዳ ከሽልማቱ መቅረቱ ብዙ ሊቃውንትን አስከፍቷል፤ እኛም ለርሱ ወገን ሆነው የተከራከሩትን አንነቅፍም። ለሁሉም የናይትሮግሊሰሪን ፈንጂ ያከበረው ሰው ያቆመው ሽልማት በናይትሮግሊሰሪን መድኃኒት ምስጢር መሸለሙ የሚያስደንቅ አጋጣሚ ነው።

ወደ መንጋጋው እንመለስ። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራው አርጂኒን ከሚባለው ነገር ነው፤ ይህም በሥጋ፣ በባቄላ፣ በሽምብራ፣ በለውዝና በሰሊጥ የሚገኝ ነው። ሠሪዎቹም ሦስት ናቸው። አንደኛው በነርቮችና በጡንቻዎች ውስጥ ተቀምጦ፣ ሁለተኛው በደም ሥሮች ግድግዳ ውስጥ ተቀምጦ፣ ካልሲየም ሲገባ ነቅተው ጥቂት ይሠሩና ያርፋሉ። ሦስተኛው ግን ቁስል ወይም ብግነት ካልተነሣ በቀር አይጠራም፤ አንድ ጊዜ ከተጠራ ደግሞ ቶሎ የማያርፍ፣ እጅግ ብዙ የሚሠራ ነው። ሁለቱ ፊተኞች እንደ ጨዋ ጸሐፊ የታዘዙትን ጽፈው ብዕራቸውን ሲያኖሩ፣ ሦስተኛው ደብዳቤውን ሳያቋርጥ ለሁሉ እንደሚበትን ጸሐፊ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ሰው ምግቡን ሲያኝክ በጡንቻው ውስጥ የሚወጣው ጥቂቱ ናይትሪክ ኦክሳይድ የደም ሥሮችን አላልቶ ለሠራተኛው ጡንቻ ደም ያመጣለታል። ይህ በጎ ሥራው ነው። ነገር ግን ሰውየው ጥርሱን ነክሶ ሰዓት ሙሉ የቆየ እንደ ሆነ፣ የጠነከረው ጡንቻ የገዛ ደም ሥሮቹን ጨፍልቆ ይይዛል፤ ደም እንደ ልብ አይገባም፣ ቆሻሻውም አይጠረግም። ያን ጊዜ አሲድና ሌሎች የሚያበሳጩ ነገሮች ተጠራቅመው በጡንቻው ውስጥ ያሉትን የሕመም ነርቮች ጫፎች ይነካካሉ። ከተነካኩትም ነገሮች አንዱ ግሉታሜት ይባላል፤ ይህ ሲበዛ የነርቮቹን ጫፍ ከፍቶ ካልሲየም ያስገባል፣ ካልሲየሙም የናይትሪክ ኦክሳይድን ሠሪ ይቀሰቅሳል፣ የወጣውም ነፋስ በዙሪያው ያሉትን ሌሎች የሕመም ነርቮች ያነቃል። በዚህ ጊዜ ቀድሞ ምንም የማይል ጉንጭ በጣት ሲነካ እንኳ ይታመማል።

ከዚህ የሚብሰው በላይ በአንጎል ግንድ ውስጥ የሚሆነው ነው። የመንጋጋው ነርቭ ሽቦ የሚያልቅበት፣ ሌላው ነርቭ የሚጀምርበት አንድ ጣቢያ በዚያ አለ። አቤቱታው ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ሲደርስ፣ ተቀባዩ ነርቭ ናይትሪክ ኦክሳይድ ሠርቶ ወደ ኋላ፣ ወደ ላኪው ነርቭ ይመልሳል፤ ትርጓሜውም «ሰምቻለሁ፣ ከፍ አድርገህ ጨምርልኝ» እንደ ማለት ነው። ላኪውም ከበፊቱ አብልጦ ይልካል። ነፋሱም በአንድ ነርቭ ላይ የማይወሰን ስለ ሆነ ጎረቤቶቹን ጭምር ያስነሣል። እንግዲህ የሕመሙ ምንጭ በጉንጭ ላይ እያለ፣ ሰውየው ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ የራሱን ጎን ሁሉ ያመኛል የሚለው ሐሰት ተናግሮ ሳይሆን፣ በጣቢያው ውስጥ ድምፁ ከፍ ስላለና ሽቦዎቹ በአንድ መዝገብ ቤት ስለሚገናኙ ነው።

ይህ ሁሉ ግምት ብቻ እንዳይመስል ምስክር እንጥራ። በአይጦች ላይ በተደረገ ምርመራ የማኘኪያ ጡንቻቸው በሚያስቆጣ መድኃኒት ተወግቶ ሕመም ሲበረታባቸው፣ የናይትሪክ ኦክሳይድን ሠሪ የሚያግድ መድኃኒት አስቀድሞ የተሰጣቸው ሕመሙ ቀሎላቸው ታይቷል። ከታመመ የሰው መንጋጋ መጋጠሚያ በመርፌ በተቀዳ ፈሳሽ ውስጥም የዚህ ነፋስ ቅሪት በዝቶ ተገኝቷል። በዴንማርክ አገር ደግሞ ዶክተር መሱድ አሺናና ባልደረቦቹ በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በራስና በአንገት ጡንቻዎች መወጠር የሚመጣ የቆየ ራስ ምታት ያለባቸው 16 ሰዎች በአንዱ ቀን የነፋሱን ሠሪ የሚያግድ መድኃኒት፣ በሌላው ቀን ምንም የሌለበት ውሃ በደም ሥራቸው ተሰጥቷቸው፣ መድኃኒቱን በወሰዱበት ቀን ሕመማቸው መቀነሱንና የጡንቻቸው ግትርነት መላላቱን ገልጸዋል። ይኸኛው የራስ ምታት ነው እንጂ የመንጋጋ ሕመም አይደለም የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ትክክል ነው እንላለን፤ ነገር ግን የሁለቱም አቤቱታ ወደዚያው የአንጎል ግንድ ጣቢያ ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ አብረው ይገኛሉ።

ይህ ዕውቀት በቤት ውስጥ ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በጎፋ ሰፈር የምናውቃቸው አንዲት የቤት እመቤት ነበሩ። የታችኛው ግራ መንጋጋ ጥርሳቸው ያማቸዋል፤ ሌሊት ሌሊት ያነቃቸዋል፤ ቅርንፉድ ነከሱበት፣ ነጭ ሽንኩርትም አኖሩበት፣ አልሆነም። ወደ አንድ የጥርስ ማከሚያ ሄደው አንዱን አስነቀሉ፤ ሕመሙ ግን በዚያው ቆየ። ከሁለት ወር በኋላ አጠገቡ ያለውን ደግሞ አስነቀሉ። ሦስተኛውን ሊያስነቅሉ ሌላ ቦታ በሄዱ ጊዜ ሐኪሙ መንቀያውን ከማንሣቱ በፊት ጉንጫቸውን በአውራ ጣቱ ጠበቅ አድርጎ ተጫነው። እርሳቸውም «ይኸው! ጥርሴን አመመኝ!» ብለው ጮኹ። ጥርሳቸው አልተነካም ነበር። ኋላ ሲጠየቁ ሌሊት ጥርሳቸውን እንደሚያፋጩ ባለቤታቸው ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ይሰሙ ኖሯል፤ ለመናገር ግን አፍረው ነበር። እርሳቸውም ልጃቸው በሰው አገር ታሞ በነበረበት ዓመት ቀን ሙሉ ጥርሳቸውን ነክሰው ይውሉ እንደ ነበር አስታወሱ። የተነቀሉት ሁለቱ ጥርሶች ጤነኞች ነበሩ፤ የሚመልሳቸውም የለም።

በቋንቋችን «ጥርሱን ነክሶ ቻለው» ማለት ምስጋና ነው። ሐዘኑን፣ የአለቃውን ቁጣ፣ የኑሮውን ክብደት ጥርሱን ነክሶ የሚችል ሰው ጨዋ ይባላል። እኛም ትዕግሥቱን እናመሰግናለን፤ መንጋጋው ግን ምስጋናውን አያውቅም። ከመብልና ከመዋጥ ጊዜ በቀር የላይኛውና የታችኛው ጥርስ ሊነካኩ አይገባቸውም፤ በጤነኛ ሰው በቀን ውስጥ የሚነካኩበት ጊዜ ሁሉ ተደምሮ ከግማሽ ሰዓት እንደማይበልጥ የጥርስ ሐኪሞች ይገምታሉ። መዝገብ ሲያገላብጥ ወይም መኪና ሲነዳ ሳያውቀው ጥርሱን ገጥሞ የሚውል ሰው ግን ይህን በማለዳ ይጨርሰዋል። የጫት ነገርም አለ። ጫት የሚቅም ሰው በአንድ ጉንጩ ይዞ ሰዓታት ሙሉ መንጋጋውን ያሠራል፤ በየመን በተደረገ ምርመራ ዘወትር በሚቅሙ ሰዎች ዘንድ የመንጋጋ መጋጠሚያ ሕመም መታየቱ ተጽፏል። ከቡና ጋር የሚቀርበውን ጠንካራ ቆሎ መቆርጠምና ቀኑን ሙሉ መስቲካ ማኘክ ጤነኛውን ሰው ባይጎዱትም፣ ለታመመው ግን ዕረፍት ይነሱታል። ይህ ሕመም ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን፣ ይልቁንም ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን አብዝቶ ይይዛል።

የጥርስን ሕመም ከጡንቻ ሕመም ለመለየት ለባለቤቱም ቢሆን ጥቂት ምልክት አለው። የተበላሸ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ቀዝቃዛ ወይም ትኩስ ሲነካው ይወጋል፤ ቦታውም በአንድ ጣት ይታያል። የጡንቻው ሕመም ግን ደብዛዛና ሰፊ ነው፤ «የቱ ጋ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ታማሚው በሙሉ መዳፉ ጉንጩን ያሳያል፤ ጠዋት ሲነሣ ወይም ሥጋ ሲያኝክ ይብስበታል፤ አፉን አስፍቶ መክፈት ይቸግረዋል። ስለዚህ አባወራውም ሆነ እመቤቲቱ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት «ጡንቻዬንስ አይተውታል?» ብለው ሐኪሙን ቢጠይቁ ነውር የለበትም። ደግ ሐኪም በዚህ አይቆጣም።

ሕክምናው ከተነገረው ታሪክ ይልቅ ቀላል ነው። ከንፈር ገጥሞ፣ ጥርስ ተለያይቶ፣ ምላስ በላንቃ ላይ ቀስ ብሎ ማረፍ አለበት፤ ይህን ለማስታወስ በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ወይም በመስተዋት ጠርዝ ትንሽ ወረቀት የሚለጥፉ አሉ፤ መልካም ዘዴ ነው። ለጥቂት ሳምንታት እንደ ገንፎና ሽሮ ወጥ ያለ ለስላሳ ምግብ መብላት፣ ሥጋውንም ከትፎ ማቅረብ ይገባል። በሙቅ ውሃ የተነከረና የተጨመቀ ፎጣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በጉንጭ ላይ ማኖር ብዙ ያሳርፋል። በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር እንጨምር፤ ሙቀት ቆዳን ሲነካ የደም ሥሮቹን የሚያላላው መልእክተኛ በአብዛኛው ያው ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው። በነርቭ ጣቢያው ውስጥ ሕመምን የሚያባብሰው ነፋስ በቆዳው የደም ሥር ግድግዳ ላይ ሲሠራ ማሳረፊያ ይሆናል። እናቶቻችን ትኩስ ጨርቅ ማድረጋቸው እንግዲህ ትክክል ነበር፤ የነፋሱን ስም ባያውቁትም።

ሌሊት ለሚያፋጭ ሰው የጥርስ ሐኪም በልኩ የሚሠራለት ጥርሶቹን የሚለያይ ልባስ አለ። የሕመም ማስታገሻ እንክብል ለጥቂት ቀን በሐኪም ትእዛዝ ቢወሰድ ይረዳል፤ ነገር ግን ከመድኃኒት መደብር እየገዙ ወር ሙሉ መዋጥ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ከሁሉ በላይ የማይመለስ ነገር አስቀድሞ አለማድረግ ነው፤ ጥርስ መሞረድም፣ መንቀልም፣ መቅደድም ለጡንቻ ሕመም መጀመሪያ መድኃኒት አይደሉም። አብዛኞቹ ሰዎች በዚህ ቀላል አያያዝ ይሻላቸዋል።

«ታዲያ ክፉ አድራጊው ነፋስ ከታወቀ ለምን በመድኃኒት አይታገድም?» የሚል ይኖራል። በዴንማርክ የተሞከረው መድኃኒት ሦስቱንም ሠሪዎች አንድ ላይ የሚያስር ነበር፤ ሦስቱም ከታሰሩ የደም ሥሮች ጠብበው የደም ግፊት ይነሣል። አንዱን ብቻ ለይቶ የሚያስር መድኃኒት ለማግኘት ብዙ ተደክሟል፤ ለመንጋጋ ሕመም በሐኪም የሚታዘዝ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም። ሌሎች ደግሞ ስለ መብል ይጠይቃሉ። በጾም ጊዜ በገበታችን የሚቀርቡት ቀይ ሥር፣ ቆስጣና ሰላጣ ናይትሬት የሚባል ነገር ይበዛባቸዋል፤ ይህም በደም ዞሮ ወደ ምራቅ ይመለስና በምላስ ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ከዚያም ናይትሪክ ኦክሳይድ ይወጣል። ጠንካራ የአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒት ዘወትር የሚጠቀም ሰው እነዚህን ትናንሽ ሠራተኞች ይገድላቸዋል። ከምግብ የሚገኘው ግን የደም ግፊትን ጥቂት ዝቅ የሚያደርግ ስለ ሆነ፣ መንጋጋዬ ታመመ ብሎ ቀይ ሥርን መተው አያስፈልግም።

በመንጋጋ ላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ ግን የጡንቻ አይደለም፤ ይህንንም ሳንናገር ብናልፍ በደል ይሆንብናል። በአንድ የፊት ወገን ላይ እንደ መብረቅ ብልጭ እያለ ለሴኮንዶች የሚወጋ ሕመም የነርቭ ሕመም ነውና ሌላ መድኃኒት አለው። ትኩሳትና እብጠት ያለበት የጥርስ መግል ሊሆን ይችላል። እግሩን ምስማር ወግቶት ከቀናት በኋላ አፉ አልከፈት ያለው ሰው በቴታነስ እንደ ተያዘ ተቆጥሮ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ያለፈ ሰው ሲያኝኩ መንጋጋቸው ቶሎ ከደከመ፣ የራሳቸው ጎን ካመማቸውና ዓይናቸው ከደበዘዘ፣ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ስለሚችል የአንድ ቀን መዘግየት ዓይናቸውን ሊያሳጣቸው ይችላል።

ከሁሉም የሚያስፈራው የልብ ነው። ዳገት ሲወጡ ወይም ሲጣደፉ የሚነሣ፣ ሲያርፉ የሚተው፣ ከደረት ወደ ግራ ክንድና ወደ ታችኛው መንጋጋ የሚወጣ ሕመም፣ ይልቁንም ላብና የትንፋሽ ማጠር ካለበት፣ የልብ ምልክት ነው። በሴቶችና የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ደረት ሳያማቸው መንጋጋ ብቻ የሚታመምበት ጊዜ አለ። እንዲህ ላለው ሰው ሐኪም ከምላስ ሥር የሚሟሟ የናይትሮግሊሰሪን እንክብል ያዝዛል፤ የኖቤል መድኃኒት ማለት ነው። እንክብሉ ናይትሪክ ኦክሳይድን አውጥቶ የደም ሥሮችን ሲያሰፋ የልብ ሸክም ይቀላል፣ የመንጋጋውም ሕመም ይተዋል። ነገር ግን ያው ነፋስ ወደ ራስ ሲደርስ ራስ ምታት ያመጣል፤ ስለዚህ አባታችሁ እንክብሉን ከወሰዱ በኋላ «ራሴን ፈለጠኝ» ቢሉ መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ መሆኑን አስረዷቸው፤ ራስ ምታቱ ቢበዛባቸው ለሐኪማቸው ይንገሩ እንጂ በራሳቸው አይተዉት። ተቀምጠው ይውሰዱት፤ ቆመው የወሰዱት እንደ ሆነ ግፊታቸው ወርዶ ሊወድቁ ይችላሉ። ለወንዶች ድካም ተብለው የሚሸጡትን እነ ሲልደናፊል የወሰደ ሰው ደግሞ ናይትሮግሊሰሪን ፈጽሞ አይንካ፤ ሁለቱ ተጋግዘው የደም ግፊትን እስከ ሞት ድረስ ያወርዱታልና፣ ሐኪሙ በጠየቀው ጊዜ አፍሮ መደበቅ የለበትም።